ሰንሰሉን አያስነቅሉት፦ ወፍና ቢራቢሮ ለሚመላለሱበት ግቢ

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ ለቡ አካባቢ፣ 250 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት አለኝ፤ ከቤቱ የተረፈው ባዶ ግቢ 90 ካሬ ግድም ይሆናል። ወፎችና ቢራቢሮዎች፣ ጉዳት የሌላቸው ሌሎች ፍጥረታትም የሚመላለሱበት እንዲሆን ላስጌጠው አስቤአለሁ፤ የልጅ ልጆቼ እያዩ እንዲያድጉ። ልጄ ከሜሪላንድ ስኳር ውሃ የሚሞላበት ቀይ የወፍ ማጠጫ፣ ቀለም የተቀባ የእንጨት የወፍ ቤትና በፀሐይ የሚሠሩ መብራቶች ልካልኛለች። የድሮውን የሰንሰል አጥር አስነቅዬ በግንብ ልተካው፣ መሬቱንም በሙሉ ምንጣፍ ሣር ላለብሰው ነው። ዕቃዎቹን የት ልስቀላቸው? ሌላስ ምን ልግዛ?

ምላሽ፦

አጥሩን የሚነቅል ሠራተኛ ተነጋግረው ከሆነ እባክዎ ያቆዩት። ልጅዎ ከላከችልዎት ዕቃ ሁሉ፣ ገና ሊገዙ ካሰቡትም ሁሉ የሚበልጠው ያ ያረጀ ሰንሰል ነው። በዕፅዋትና በወፍ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ የአዲስ አበባን ግቢዎች ብዙ አይቻለሁ። «ድሮ ወፍ ነበረን፣ አሁን ጠፋብን» ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች ቤት ስገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀኝ ያው ነው፦ ንጹሕ ግንብ፣ ወለል እስኪመስል የተከረከመ ሣር፣ በዳር በዳር የተደረደሩ የአበባ ማስቀመጫዎች፣ አንዳንዴም ከሲሚንቶ የተሠራ ዳክዬ። ለዓይን ያምራል። ወፍ ግን የሚበላው የለውም፣ ጭልፊት ሲያንዣብብበት የሚሸሸግበት የለውም፣ ስለዚህ አይቆይም።

ሰንሰል፣ በጎጃም ስሚዛ የሚሉት፣ ነጭ አበባ አለው፤ ንብ በጣም ትወደዋለች። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ድንቢጥ ሲመሽ ይጠለልበታል፤ እስስት ቅርንጫፉ ላይ ቀስ እያለች ዝንብ ታድናለች። ከሥሩ ደግሞ ሆዷ ብርቱካናማ፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት አንዲት ወፍ ትኖራለች፤ ማለዳና ማታ ብርሃን ሲደበዝዝ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀላቀለች የምትዘምረው እሷ ናት። ሰዎች ድምፅዋን ያውቁታል፣ መልኳን ግን ብዙዎች አያውቁትም፤ ከጨለማው ሥር ብዙ ስለማትወጣ። ሰንሰሉ ሲነቀል እሷም ትሄዳለች፤ የትኛውም የተገዛ ጌጥ ደግሞ አይመልሳትም።

ለጸጥታ ሲባል ግንቡ የግድ ከሆነ ይገባኛል። ያን ጊዜ ግንቡ በውጭ በኩል ይሠራ፣ ሰንሰሉም በውስጥ በኩል ይቅር። መሠረት ሲቆፈር ሥሩ የሚጎዳ ከሆነ ክረምት ላይ ከቅርንጫፉ ቆርጦ መሬት ውስጥ መሰካት ይበቃል፤ ሰንሰል በቁራጭ ይይዛል። ሲከረክሙትም ሁሉንም በአንድ ቀን አያስጨርሱት። ዘንድሮ አንዱን ጎን፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን፤ መቁረጫው ከመነሣቱ በፊትም ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ጎጆ መኖር አለመኖሩን ይዩ።

አሁን ወደ ቀዩ ማጠጫ። ይህ ዕቃ የተሠራው ሀሚንግበርድ ለሚባሉት ወፎች ነው፤ እነሱ ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኙት በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። አየር ላይ ቀጥ ብለው ክንፋቸውን እያርገበገቡ መጠጣት ስለሚችሉ መቆሚያ የማይደረግለትም አለ። የእኛዎቹ ሰንበርድ የሚባሉት ናቸው፤ ቀጭንና ወደ ታች የታጠፈ ምንቃር አላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅርንጫፍ ላይ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ነው አበባ የሚመጥጡት። ከመካከላቸው ደጋ ላይ በብዛት የሚታየው ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታገኘው ግን ወይን ጠጅ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ከጅራቱም ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። ሳይንሳዊ ስሙ የተወሰደው ከተከዜ ወንዛችን ነው። አብራው የምትታየው ግራጫማዋ ሌላ ዓይነት ወፍ እንዳትመስልዎት፤ ሚስቱ ናት።

ማጠጫውን መስቀል ይቻላል፤ ቀጭን እንጨት መቆሚያ እንዲሆን አጠገቡ ካሰሩለት ሰንበርድም ሊለምደው ይችላል። ግን ሥራ አለበት። አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ማር አይገባበትም፣ ቀይ ቀለምም አይጨመርበትም። ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚቦካ በየሁለት ቀኑ ፈስሶ፣ ታጥቦ፣ እንደ ገና መሞላት አለበት። ጉንዳንና ንብ ይሰፍሩበታል። ይህን ሁሉ ዘወትር የሚያደርግ ሰው ከሌለ ባይሰቀል ይሻላል፤ የቦካ ስኳር ውሃ ወፏን ያሳምማታል። በእኔ አስተያየት ለሰንበርድ የሚሆነው ማጠጫ ከመሬት የሚበቅለው ነው፦ እሬት፣ አንፋር፣ ኮርች። እሬት ድንጋያማ ጥግ ላይ ያለ ብዙ ውሃ ይኖራል፣ ቧንቧ የሚመስለው ቀይና ብርቱካናማ አበባው ለዚያ የታጠፈ ምንቃር የተለካ ነው። አንፋር ትንሽ ዛፍ ስለሆነ ለእርስዎ 90 ካሬ ይስማማል። ኮርች ቀይ አበባው ያምራል፣ ቁራጩም ተሰክቶ ይበቅላል፤ ግን ትልቅ ስለሚሆን ከቤቱ ራቅ ያለ ጥግ ካለ ብቻ።

ስለ ሰንበርድ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። የበረንዳዬ ጣሪያ ጥግ ላይ የሸረሪት ድር ነበረ፤ ነገ እጠርገዋለሁ እያልኩ የተውኩት። አንድ ጠዋት ሴቷ መጣችና ድሩን በምንቃሯ እንደ ክር ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ተመለሰች፤ ደግሞ ወሰደች። ተከትዬ ባይ ቁጥቋጦው ላይ ዘለላ የምታህል ከረጢት ጀምራለች፤ ደረቅ ሣሩን፣ ላባውንና የቅጠል ፍርፋሪውን የምታያይዝበት ሙጫ ያ ድር ነው። መግቢያው በጎን በኩል ነው፣ ከላዩም ትንሽ ጣሪያ ታደርግለታለች፣ ዝናብ እንዳይገባ። ከዚያን ቀን ወዲህ የበረንዳዬን የውጭ ጥግ አልጠርግም። ጫጩቶቿን የምታሳድገውም በአበባ ጣፋጭ ብቻ ሳይሆን በትንንሽ ነፍሳትና በሸረሪት ነው። ስለዚህ ሸረሪት የሌለበት ግቢ ሰንበርድ የምትወልድበት ግቢ አይደለም።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ትል ሲታይ የሚረጨው መድኃኒት ትሉን ብቻ አይገድልም። አብዛኛው የምናየው ወፍ፣ ጥሬ የሚለቅመው እንኳ፣ ጫጩቱን የሚመግበው ትልና ነፍሳት ነው። ርጭቱን ያቁሙ፤ ሌላው ምክሬ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። የአይጥ መርዝም እንዲሁ፦ መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው ስለማትሞት ተዳክማ ስትንገዳገድ ጉጉት ትይዛታለች፣ መርዙም ወደ ጉጉቷ ያልፋል። ወጥመድ ይጠቀሙ፣ እህሉን በክዳን ያስቀምጡ።

ወደ ሣሩ ልመለስ። ምንጣፍ ሣር ሙሉ በሙሉ ክፉ ነው አልልም። ለልጆቹ መጫወቻ ሃያ ካሬ ያህል ይተዉ። ማለዳ በቡድን እየጮኹ የሚያልፉትን ትልልቅ ወፎች ያውቋቸዋል፦ ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጉሮሯቸው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለ። አይቢስ ናቸው፤ ይህኛው ዝርያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። ሣር ላይ ወርደው ምንቃራቸውን መሬት ውስጥ እየሰኩ ትል ያወጣሉ። ሣሩን ቆፈሩብኝ ብለው አያባርሯቸው፤ የሣሩን ሥር የሚበላውን ትል እየለቀሙልዎት ነው።

የቀረውን ሰባ ካሬ ግን አይጥረጉት። እኛ ቤት ግቢ ማለት በየጠዋቱ በመጥረጊያ የተጠረገ መሬት ማለት ስለሆነ ይህ ከሁሉ ምክሬ የሚከብደው መሆኑን አውቃለሁ። መንገዱንና በሩን ይጥረጉ፤ የወደቀውን ቅጠል ግን ከሰንሰሉ ሥር ይከምሩት። በአንድ ክረምት ይበሰብሳል፣ ውስጡ ትልና ጥንዚዛ ይሞላል፣ ከዚያ ያቺ ሆደ ብርቱካኗ ወፍ ቅጠሉን በምንቃሯ እየገለበጠች ስትፈልግ ያገኟታል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሆነ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ቶሎ አይበሰብስም። የድንጋይ ክምር ለእንሽላሊት ጥሩ ነው፤ እባብ ይመጣል የሚል ስጋት ካለ ክምሩን ከቤቱ በር አርቀው ያድርጉት።

አሁን ግንቦት ነው፤ ችግኝ ለመፈለግ ጥሩ ጊዜ ነው። ዝናቡ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ይተክላሉ። ችግኝ ጣቢያ ሲሄዱ የሚቀርብልዎት ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣው ነው፦ ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ጃካራንዳ። አገር በቀሉን ስም ጠርተው ይጠይቁ። ጉለሌ የሚገኘውን የዕፅዋት ማዕከል አንድ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ቢያዩት ደግሞ ቁመታቸውንና ስፋታቸውን አይተው ይመርጣሉ፤ ችግኝ ሆኖ ሁሉም ትንሽ ነውና። ዋርካና ሾላ ለወፍ የሚመስላቸው የለም፣ ነገር ግን ለ90 ካሬ አይሆኑም፤ የጎረቤትንም ግንብ ያፈርሳሉ። አንድ ወይራ ይበቃዎታል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ግን ፍሬው ሲበስል ወፍ አይጠፋበትም።

ከወይራው ሌላ ቀጋ ይትከሉ። የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ናት፤ ነጭ አበባዋ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ንቧ መሐሉን በቀላሉ ታገኘዋለች። ከገበያ የምንገዛው ድርብርቡ ጽጌረዳ ለዓይን ቢያምርም ንብ የምትገባበት ብዙም ቦታ የለውም። የቀጋ ቀይ ፍሬ ለወፍም ለልጅም ይሆናል፣ እሾኋም ድመት የማይደርስበት መጠለያ ይሆናል። አጋምም እንዲሁ። ግራዋ ካለዎት ሁልጊዜ ከመቁረጥ አንዳንዴ አበባ እንዲያወጣ ይተዉት። በሶብላውንና ጦስኙን ለወጥ ከቀነጠሱ በኋላ ጥቂቱን እንዲያብብ ይተዉ፤ የከሰዓት በኋላ ንብ እሱ ላይ ነው የሚሰበሰበው። አደይ አበባም መስከረም አልፎ ሲጠወልግ ወዲያው አይንቀሉት። ዘሩን የሚለቅሙ ትንንሽ ቡናማ ወፎች አሉ፤ የጠወለገውን ግንድ ተንጠልጥለው ሲበሉት ማየት ራሱ አንድ ነገር ነው።

ለልጅ ልጆችዎ ግን ከሁሉ በፊት አንድ የሎሚ ችግኝ ይትከሉላቸው። በአገራችን የምትገኝ ጥቁርና ፈዛዛ ቢጫ ክንፍ ያላት ትልቅ ቢራቢሮ አለች፤ እንቁላሏን ሎሚና ብርቱካን ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። የምትፈለፈለው ትል መጀመሪያ ላይ ቁርጥ የወፍ ኩስ ትመስላለች፤ ቡናማና ነጭ፣ እርጥብ የመሰለች። ወፍ አይቶ ያልፋታል። ስታድግ ቆዳዋን ቀይራ ቅጠል የመሰለች አረንጓዴ ትሆናለች። በዚያን ጊዜ በጣት ቀስ ብለው ቢነኳት ከራሷ ጀርባ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ የመሰለ ነገር ብቅ ታደርጋለች፣ ኃይለኛ ሽታም ይወጣል። ልጅ ይህን አንዴ ካየ አይረሳውም። ቅጠል ትበላለች፣ አዎ፤ ሎሚው ግን ጥቂት ትል አይገድለውም። ችግኙ ገና ትንሽ ሆኖ ትሎቹ ከበዙ ጥቂቶቹን ወደ ሌላ ሎሚ ያዛውሯቸው እንጂ አይርጩባቸው።

አንድ የማይተክሉትን ደግሞ ልንገርዎ። «የወፍ ቆሎ» የሚባለው፣ አበባው ቢጫና ሮዝ የሚቀላቀልበት፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚከረፋው ቁጥቋጦ፣ ለአጥር ተብሎ ይሸጣል። ስሙ ራሱ ይጋብዛል፣ ቢራቢሮም ይወደዋል። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ጥቁሩን ፍሬ ወፍ በልቶ ዘሩን ሩቅ ይጥለዋል፤ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የግጦሽ መሬት የወረሰው በዚህ መንገድ ነው። ቅጠሉን ከብት ሲበላው ይመርዘዋል። ስለዚህ ወፍ የሚወደው ሁሉ ለአገር ደግ ነው ማለት አይደለም።

ውሃ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ በተለይ ጥርና የካቲት ላይ፣ ከምግብ ይልቅ ውሃ ነው ወፍ የሚጠራው። የእምነ በረድ ገንዳ አይግዙ። ቤት ውስጥ ያረጀ ወጭት ካለ እሱን ያውጡት፤ ሸክላ ሻካራ ስለሆነ የወፍ እግር አያንሸራትተውም፣ ፕላስቲክ ሣህን ግን ያንሸራትታል። ጥልቀቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ መሐሉ ላይ ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጡ፣ ንብና ቢራቢሮም ሳይሰምጡ እንዲጠጡ። ቦታው ከቁጥቋጦው ሁለት ሦስት እርምጃ ይራቅ፦ በጣም ከቀረበ ድመት ታደባበታለች፣ በጣም ከራቀ ወፉ ጭልፊት ይፈራል። በየሁለት ቀኑ ደፍተው፣ ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈትገው ይሙሉት። ትንኝ እንቁላል ጥላ እስክትበር ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅባት እንዲህ የሚለወጥ ውሃ ትንኝ አያፈራም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈርም አትክልት የታጠበበት ውሃ ይበቃል።

ስለ ወፍ ቤቱ፦ ድንቢጥ የመሳሰሉ፣ በተፈጥሮም ቀዳዳ ውስጥ የሚወልዱ ወፎች ብቻ ናቸው የሚገቡበት። ዋኔ፣ ሰንበርድና ጎጆ ሠሪው ቢጫ ወፍ የራሳቸውን ይሠራሉ። ውስጡ ቀለም የተቀባ ከሆነ በሻካራ ወረቀት ይፋቁት። ከቀዳዳው በታች ለማሳመሪያ የተተከለች እንጨት ካለች ይንቀሉት፤ ለወፉ አያስፈልገውም፣ ለሚያጠቃው ግን መቆሚያ ይሆናል። ሦስት ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ የከሰዓት ፀሐይ በማይመታው፣ ዝናብም ፊት ለፊት በማይገባበት ጎን ይስቀሉት። የፀሐዩን ነገር አጥብቄ የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከቆርቆሮ የሠራሁትን ጎጆ ወደ ምዕራብ አዙሬ ሰቀልኩት፤ ድንቢጦች ገቡበት፣ የካቲት ላይ ጫጩቶቹ በሙቀት አለቁ። ከፍቼ ሳየው የተሰማኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። የእርስዎ ከእንጨት መሆኑ ደግ ነው።

መብራቶቹን ከሰንሰሉና ከዛፉ አርቀው በመግቢያው መንገድ ላይ ብቻ ሁለቱን ይትከሉ፣ የቀሩትን ያስቀምጡ። ሌሊቱን ሙሉ የበራ መብራት የሌሊት ነፍሳትን ሰብስቦ እስኪደክማቸው ያዞራቸዋል፣ የተኛውንም ወፍ ያናውጣል። ልጅዎ እንዳይከፋት፣ በዓል ሲሆን ሁሉንም ያብሯቸው።

ምግብ ማስቀመጥን በተመለከተ ጨው ያለበት ወጥ፣ የሻገተ እንጀራና ሥጋ አይጣል። ሥጋው ጭልፊትና ቁራ ይጠራል፣ ማታ ደግሞ ጅብ። የበሰለ ሙዝ ወይም ፓፓያ ቁራጭ ቅርንጫፍ ላይ ቢሰኩ ግን ጅራተ ረጅሞቹ፣ ጉትያ ያላቸው ግራጫ ወፎች በቡድን ይመጣሉ። የተረፈውን ማታ ያንሱት።

ቤቱ ሰማይ የሚያሳይ አንጸባራቂ መስታወት ካለው ወፍ እየተጋጨ ይሞትበታል፤ በውጭ በኩል በአምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት ነጥብ ነጥብ ይለጥፉበት።

ለልጅ ልጆችዎ ደግሞ ይህን እንዲነግሩልኝ አደራ እልዎታለሁ። እስስት መርዝ የላትም፤ በድንጋይ የምትወገረው በወሬ ብቻ ነው። ጉጉት ቤት ላይ ስትጮኽ ሞት አትጠራም፤ አይጥ እያደነች ነው። ሲመሽ ከጣሪያው ሥር የሚወጡት የሌሊት ወፎች ትንኝ ይበላሉ። እነዚህ ሦስቱ ግቢዎ ውስጥ ከታዩ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው፤ ልጆቹም ከእርስዎ አፍ ቢሰሙት ያምናሉ።

እንግዲህ «ሌላ ምን ልግዛ» ላሉኝ፦ አንድ ብሩሽ፣ የወይራ፣ የአንፋር፣ የቀጋና የሎሚ ችግኝ፣ ጥቂት እሬት። ዘንድሮ ብዙ ላያዩ ይችላሉ፤ ሰንሰሉ ስላለ ግን ከባዶ አይጀምሩም። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ትንንሽ ወፎች በከተማችን ግቢዎች ያልፋሉ፣ አንዳንዶቹም እስከ መጋቢት ይቆያሉ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ውሃው ከተሞላ በኋላ፣ ከልጆቹ ጋር በረንዳው ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ። ደብተር ይያዙ፤ ቀኑን፣ የመጣውን ወፍ መልክና ያረፈበትን ተክል ይጻፉ። ስሙን ካላወቁት ፎቶውን ይላኩልኝ፤ አብረን እንለየዋለን።